ራሱን የገዛ ሰው ለምን ይሰማል?

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ቡና ይዘን ስለ እቁባችን እያወራን ነበር። ስምንት ጓደኛሞች ነን። እኔ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ በየቅዳሜው ከምንሰበስብ ደሞዝ በገባ ቀን በቴሌብር ብንጨርሰው ይሻላል፣ ቅዳሜ ሲደርስማ የሁላችንም ኪስ ባዶ ነው አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው አስተናጋጅ ይጠራል። በሁለተኛው ሳምንት ከመሃላችን ዝምተኛዋ ልጅ ያንኑ ሐሳብ አነሳችው፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ተስማምተን ጨረስን።

ተናደድኩ። «እኔ ስለውስ የት ነበራችሁ?» ስል አንዱ እየሳቀ «አንተማ ‹ፒያሳ ደርሻለሁ› ስትል አዘዞ ነህ» አለኝ። ከተማችንን ለማያውቅ ሰው፣ ከአዘዞ ፒያሳ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ተሳስቀን አለፍነው፤ ነገሩ ግን አብሮኝ ሰነበተ። ምክንያቱም ሰሞኑን ቲክቶክ ላይም፣ ስልጠና አዳራሽ ውስጥም ስለ «ፈቃድ ኃይል» የማይናገር ሰው የለም። መስታወት ፊት ቆመህ ዓይንህን ሳትሰብር ተለማመድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ይታዘዝልሃል ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነቱ የቱ ነው? ፈቃድን ማጠንከርና በሰው ዘንድ ተሰሚ መሆን በእርግጥ ይገናኛሉ ወይ? ይገናኛሉ፤ መንገዱ ግን በዓይን ማፍጠጥ አይደለም። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የምናወራው ስለ ምንድን ነው?

አማርኛችን እዚህ ጋ ሀብታም ነው፣ ሀብቱ ግን ያምታታል። «ፈቃድ» የመንጃ ፈቃድም ነው፣ የዓመት ፈቃድም ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድም ነው። እኔ «ራስን መግዛት» የሚለው ይሻለኛል። መግዛት ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ዋጋ ከፍሎ መውሰድ ነው፣ ሌላው ማስተዳደር ነው። ራሱን የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ያደርጋል፤ ዛሬ ያማረውን ነገር ከፍሎ የነገውን ይወስዳል፣ ያንን ለማድረግ ደግሞ በገዛ ራሱ ላይ ሥልጣን ያስፈልገዋል።

ባጭሩ፣ ቅርብ ያለ ትንሽ ነገርና ራቅ ያለ ትልቅ ነገር ሲጣሉ ለራቀው መወገን ማለት ነው። ነገ ፈተና አለ፣ ዛሬ ማታ ኳስ አለ። ማን ያሸንፋል? ይኸው ነው ጉዳዩ።

አንድ ነገር ግን እንለይ። እልህ ራስን መግዛት አይደለም። እኛ ጎንደሬዎች እልህ አያጣንም፤ እንዲያውም ይተርፈናል። እልህ ግን ሁሌም የሚያየው ሰው ይፈልጋል። «አሳየዋለሁ!» ብሎ ጂም የተመዘገበ ልጅ፣ የሚያሳየው ሰው ከሰፈር ሲለቅ እሱም ከጂሙ ይለቃል። ግትርነትም ሌላ ነው። ግትር ሰው መንገዱ እንደተሳሳተ እያወቀም አይመለስም። ራሱን የሚገዛ ሰው ግን «ተሳስቻለሁ» ብሎ መመለስ ይችላል፣ ምክንያቱም ኩራቱንም ይገዛዋል።

በአንጎል ውስጥ የሆነውን ለመረዳት ባጃጅ አስቡ። ተሳፋሪዎቹ ይጮኻሉ፤ አንዱ «እዚህ ጋ አውርደኝ»፣ ሌላው «ማኪያቶ እንጠጣ»፣ ሌላው «ስልኩ ጮኸ፣ እየው»። ሾፌሩ መድረሻውን ይዞ መሪውን ያጠብቃል። ይህን የሾፌር ሥራ በዋናነት የሚሠራው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። እንቅልፍ ሲያጥረን፣ ስንጠጣ፣ ጭንቀት ሲበረታብን ሾፌሩ ይፈዛል፣ ያኔ መሪውን የሚይዘው በጣም የሚጮኸው ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ «ፈቃድ የለኝም» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ የጎደላቸው እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። እየቀለድኩ አይደለም።

እንደ ስልክ ባትሪ ያልቃል የሚባለውስ?

ይህን ሐሳብ ታዋቂ ያደረገው ሮይ ባውማይስተር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የተራቡ ተማሪዎችን አዲስ የተጋገረ የቸኮሌት ብስኩት በሚሸትበት ክፍል አስቀመጠ። ለከፊሎቹ ብስኩቱን ብሉ አላቸው፤ ለሌሎቹ ግን ብስኩቱን እያያችሁ ራዲሽ የሚባለውን ጥሬ ሥራ ሥር ብሉ አላቸው። በኋላ ሁሉም መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ብስኩት የበሉት 19 ደቂቃ ገደማ ታገሉ። ራዲሽ የበሉት ከ8 ደቂቃ ብዙም ሳያልፉ ተዉት። ትርጉሙም «ብስኩቱን ለመተው ባትሪያቸውን ጨርሰዋል» ተባለ።

ሐሳቡ ይጣፍጣል። በየመጽሐፉ ገባ፣ በየስልጠናው ተሰበከ። ችግሩ በ2016 መጣ። በ23 የምርምር ቡድኖች ከ2000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ሙከራ ተመሳሳይ ነገር ሲፈትሽ ውጤቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆነ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። መድከም እውነት ነው፣ ማንም ከሥራ መልስ ያውቀዋል። ነገር ግን ደረታችን ውስጥ የሚያልቅና የሚሞላ አንድ ባትሪ አለ ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር አሰልጣኝ ካያችሁ፣ ዕውቀቱ ከ2016 በፊት ቆሟል ማለት ነው።

እና ጠንካሮቹ ሰዎች ምን እያደረጉ ነው?

እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው። በ2012 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት 200 ያህል ሰዎችን በቀን ሰባት ጊዜ እየጠራ ጠየቀ፤ አሁን ምን አማረህ? ታገልከው? ተሸነፍክ? ራሳቸውን በመግዛት ከፍ ያለ ውጤት ያላቸው ሰዎች ሌት ተቀን የሚታገሉ ይመስለናል። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። እነሱ ትግል የሚገጥማቸው ከሌላው ባነሰ ጊዜ ነው። መጀመሪያውኑ ፈተናው ያለበት ቦታ አይቀመጡም።

ይህን ለመረዳት ከጾም የተሻለ ምሳሌ የለም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ብዙው ሰው እስከ 9 ሰዓት ድረስ እህል አይቀምስም። ይህን የሚያደርገው ደግሞ አንድ መናኝ ብቻ አይደለም፤ ባለሱቁም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ተማሪውም ነው። ያው ሰው ከፋሲካ በኋላ «ለሳምንት ያህል ስኳር ተው» ቢሉት በሦስተኛው ቀን ሦስት ማንኪያ ይጨምራል። ፈቃዱ የት ሄደ?

የትም አልሄደም። እምነቱ እንዳለ ሆኖ፣ በጾሙ ጊዜ ግማሹን ሥራ ከተማው ይሠራለታል። አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል። ምግብ ቤቱ በያይነቱ ይዞ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ቅቤው ገሸሽ ይላል፣ እናት ሽሮውን በዘይት ትሠራለች። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ የታወቀ ነው። «ዛሬ ልብላ ወይስ አልብላ?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ አይነሳም፤ ጥያቄው አንዴ ተመልሷል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን እንዲሁ ናቸው፣ መላው ቤተሰብ አብሮ ይጾማል፣ አብሮ ያፈጥራል። ስኳር የተወው ሰው ግን ብቻውን ነው፣ ስኳሩም ጠረጴዛው ላይ ነው።

ጥምቀትንም እዩት። የአፄ ፋሲል መዋኛ ውሃ በጥር ማለዳ አጥንት ይሰብራል። ወጣቱ ግን ከግንቡ ላይ እየዘለለ ይገባል። ያው ልጅ በማግስቱ ቤቱ ሻወር ስር ቆሞ ውሃው እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። (ከራሴ ነው የማውቀው።)

እቁብም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ብሩን ቤት አስቀምጠህ «አልነካውም» ማለት ፈቃድ ይጠይቃል። ለሰብሳቢው ሰጥተኸው ዕጣህን ስትጠብቅ ግን መንካት ብትፈልግም አትችልም። በ2006 የታተመ ከፊሊፒንስ የመጣ ጥናት ይህን በባንክ አይቶታል። ያሰበው ቀን ወይም ያሰበው መጠን እስኪደርስ ድረስ ገንዘቡን ማውጣት የማይቻልበት ሒሳብ ለደንበኞች ቀረበ። ተጨማሪ ወለድ የለውም፣ እንዲያውም በራስ ላይ በር መቆለፍ ነው። ሆኖም ከቀረበላቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ተቀበሉት፣ ቁጠባቸውም በግልጽ ጨመረ። ራሳቸውን ያውቃሉ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ «ይሄማ እቁብ ነው» አልኩ።

ልጅ እያለ መጠበቅ ያልቻለ ሰው አለቀለት ማለት ነው?

የማርሽማሎውን (ለስላሳ ከረሜላ ነው) ሙከራ ሳትሰሙ አትቀሩም። ዋልተር ሚሼል የሚባል ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ጣፋጭ ፊት አስቀመጠ። አሁን ከበላህ አንድ፣ እስክመለስ ከጠበቅህ ሁለት። የጠበቁት ልጆች ሲያድጉ በትምህርትም በሌላም የተሻሉ ሆነው ተገኙ ተባለ፣ ከዚያ ወላጅ ሁሉ ልጁን በጣፋጭ መፈተን ጀመረ።

በ2018 ከ900 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ነገሩን አለዘበው። የቤተሰቡ ኑሮና የእናት ትምህርት ከግምት ሲገባ የመጠበቅ ችሎታው ብቻውን የሚናገረው ነገር በጣም አነሰ። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው በ2013 የወጣው ትንሽ ጥናት ነው። 28 ልጆች ብቻ ናቸው፣ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው። ከጣፋጩ በፊት አንድ አዋቂ ለልጆቹ «የተሻለ ቀለም እርሳስ አመጣላችኋለሁ፣ ጠብቁኝ» ብሎ ይወጣል። ለግማሾቹ ያመጣል። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም ለካ» ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቀጥሎ ጣፋጩ ቀረበ። ቃሉ የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ። የተዋሹት 3 ደቂቃ።

ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። የተለወጠው የአዋቂው ቃል ነው። «ከገበያ ስመጣ ከረሜላ» ተብሎ ባዶ ዘንቢል ሲያይ የኖረ ልጅ፣ ያገኘውን ቶሎ ቢበላ ሞኝ አይደለም፣ ሒሳብ ሠርቷል። ለአዋቂም ያው ነው። መንገዱ ነገ ክፍት ይሁን ዝግ በማይታወቅበት ጊዜ የሩቅ ዕቅድ ያላወጣን ሰው «ፈቃድ የለውም» ማለት ግፍ ነው።

ይሄ ሁሉ ከመሰማት ጋር ምን አገናኘው?

አሁን ወደ እቁባችን እንመለስ። ያቺ ዝምተኛ ጓደኛችን «10 ደቂቃ» ስትል 10 ደቂቃ ነው። መምጣት ካልቻለች «አልችልም» ትላለች፣ ምክንያት አትደረድርም። ዕጣዋ ወጥቶ ብሩን ከበላች በኋላ አንድም ጊዜ አላዛነፈችም። ሐሳብ ስታነሳ ታዲያ እኛ የምንመዝነው ሐሳቡን ብቻ አይደለም። «ይህች ልጅ ያለችውን ታደርጋለች» የሚለው ከኋላው ይመጣል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2011 ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሪጌቲና ፊንከናወር፣ ሰዎች አንድን ሰው ለማመን ወይም ላለማመን ሲወስኑ ያ ሰው ራሱን የመግዛት ችሎታ እንዳለው ያስተውላሉ ወይ ብለው መረመሩ። ያስተውላሉ። ራሱን ይገዛል ብለው ያሰቡትን የበለጠ ያምኑታል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አደራህን ለመብላት የሚያምረው ቀን ይመጣል፣ ያን ቀን ራሱን የሚይዝ ሰው ነው የምትፈልገው።

ሁለተኛው መንገድ አለመዋዠቅ ነው። ሰርዥ ሞስኮቪሲ የሚባል በፈረንሳይ የሠራ ተመራማሪ በ1969 ከባልደረቦቹ ጋር ስድስት ስድስት ሰዎችን እያስቀመጠ ሰማያዊ ምስል አሳየ። ከስድስቱ ሁለቱ የተመራማሪው ሰዎች ናቸው፣ ሥራቸውም «አረንጓዴ ነው» ማለት ነው። ሁለቱ ሁሌም አረንጓዴ ሲሉ ከሌሎቹ መልሶች 8.42 በመቶው አረንጓዴ ሆነ። አንዴ አረንጓዴ አንዴ ሰማያዊ ሲሉ ግን 1.25 በመቶ ብቻ። የተሳሳቱት ሁለቱ ናቸው፣ ልብ በሉ! ስህተት እንኳ ሳይዋዥቅ ሲነገር ጥቂት ሰው ይስባል። ይህ የሚያስፈራም ነው፤ ተሰሚነት የእውነት ምስክር አይደለም።

ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። በሰፈራችን ሰው ሲጣላ የሚጠሩ አንድ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ አሉ። ብዙ አያወሩም። አንዱ ወገን ሲሰድባቸው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ እንጂ መልስ አይሰጡም። በመጨረሻ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ሁለቱም ወገን ይነሳና ጉልበት ይስማል። ዓይናቸውን አፍጥጠው ያውቃሉ እንዳትሉኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬት መሬት ነው የሚያዩት።

ፈቃዱ የጠነከረ ሁሉ ይሰማል ማለት ነው?

አይደለም። ለዚህ ጎንደር ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። አፄ ቴዎድሮስን ቆራጥነት ይጎድላቸዋል የሚል የለም። ከቋራ ተነስተው፣ የመሳፍንቱን ዘመን ዘግተው በ1855 ነገሡ። ያን ያህል ፈቃድ ያለው ሰው በታሪካችን ጥቂት ነው። ግን በ1866 ጎንደርን አቃጠሉ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱም አብዛኞቹ ነደዱ። በ1868 መቅደላ ላይ ሲቆሙ አብዛኛው ሠራዊት ከድቷቸው ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አመፁ በየአቅጣጫው ነበር፣ ከቤተ ክህነት ጋር በመሬት የተነሳው ጠብ አለ፣ በአንድ ሰው ጠባይ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ቢሆንም ዓላማን አጥብቆ መያዝና ቁጣን መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ሰው በመጀመሪያው ይከተልሃል፣ በሁለተኛው ነው አብሮህ የሚቆየው።

ከየት ይጀመራል?

ከቀዝቃዛ ሻወር አይደለም። ለሚወደው ሰው ክፋት የለውም፣ ግን በመታጠብ የተገኘ ጥንካሬ ብድር ለመክፈል ይተላለፋል የሚለው ነገር ማስረጃው ደካማ ነው።

የተሻለ ማስረጃ ያለው በጣም ቀላል ነገር ነው፤ «መቼ» እና «የት» የሚለውን አስቀድሞ መወሰን። ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረባው በ1997 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። በበዓል መሃል ማለት ነው፣ ማን ይጽፋል! መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከአራቱ ሦስት ያህሉ ጻፉ። ሳይወስኑ እሺ ካሉት ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ። «አነባለሁ» ከማለት «እራት እንደበላሁ፣ ስልኩን ሳሎን ትቼ፣ መኝታ ቤት አነባለሁ» ማለት ይሻላል። ሾፌሩ ሲደክመው መንገዱ ቀድሞ ተሰምሯል።

ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን? 21 የሚባለውን እርሱት። በ2010 በለንደን 96 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አማካዩን 66 ቀን አገኘው፣ እንደ ሰውና እንደ ነገሩ ግን ከ18 እስከ 254 ይደርሳል። ደስ የሚለው፣ አንድ ቀን መዝለል ብዙም አልጎዳም። 66 ማለት ከዓቢይ ጾም 11 ቀን የሚበልጥ ነው፣ እንግዲህ እኛ ልምዱ አለን።

ተሰሚነትን በተመለከተ ደግሞ እኔ የጀመርኩት ከትንሹ ውሸት ነው። ቃል ማጠፍ ትልቅ ነገር ላይ ብቻ ይመስለን ነበር፤ «ነገ እደውልልሃለሁ»፣ «አንድ ቀን ቡና እንጠጣለን»፣ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለው አይቆጠርም ብለን። ይቆጠራል፣ ሰው አይነግርህም እንጂ ይቆጥራል። ስለዚህ ቃሌን መቀነስ ጀመርኩ። የማልደውል ከሆነ «እደውላለሁ» አልልም። መጀመሪያ ላይ ብልግና መስሎ ተሰማኝ፣ ሰው ፊት «አልችልም» ማለት ከጾም ይከብዳል።

ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ደወለ። «የት ደረስክ?» አለኝ። አፌ «ፒያሳ» ሊል ነበር፣ ያዝኩት።

«ገና አዘዞ ነኝ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ከጀርባው ላሉት ጮክ ብሎ «ፒያሳ ደርሷል፣ እየቀለደ ነው!» አላቸውና ማኪያቶ አዘዘልኝ። ስደርስ ቀዝቅዞ ነበር።